ያየችኝን ሴት ከበር መለሷት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁን የማነበው ገዝቼ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ። አራት ኪሎ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከሠራሁበት ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት አንድ ቅጂ ትገዛና ከረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኛ ጡረተኞቹ በተራ እናነባለን። ሳያነቡ ገጽ ማገላበጥ ነውር ነው፤ አንብቦ ከጨረሱ በኋላ ይዞ መቀመጥም ነውር ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጋዜጣው ሳይሆን ጋዜጣው እጄ ላይ እያለ ስለደረሰብኝ ነገር ነው።

በመጋቢት ወር፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 ላይ ነበር። ሰዓቱን እኔ አላየሁትም። ቡና አፍይዋ ናት የነገረችኝ፤ ልጇ ትምህርት ቤት መድረሷን ለማረጋገጥ ደውላ ስልኩን የዘጋችው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ርእስ አንብቤ ወደ ዝርዝሩ ስገባ ፊደላቱ ሸሹኝ። አልደበዘዙም፤ ዐይኔ ጥርት አድርጎ ያያቸዋል። ብቻ ፊደል መሆናቸው ቀረ። እግር ያላቸው፣ አንገት ያላቸው፣ ቀለበት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ተሰልፈው አያለሁ፤ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም።

እኔ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ለወጣት አንባቢዎቻችሁ ላስረዳ፤ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ የብረት ፊደል ከሳጥኑ በእጅ ተለቅሞ ነበር የሚደረደረው። በግራ እጃችን መደርደሪያውን ይዘን በቀኛችን እየለቀምን፣ ገጹን በግልባጩ እናነብ ነበር። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ የፊደል ዓይነት እያንዳንዱ የራሱ ጎጆ አለው፤ ሳጥኑን ሳላይ እጄ ይሄድ ነበር። እንግዲህ የተገለበጠውን «ጸ» ከተገለበጠው «ጰ» በጨለማ የምለይ ሰውዬ የቆመውን መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ስኒው ከቀኝ እጄ ወደቀ። «ውሃ» ልል ፈልጌ «ሳጥን» አልኩ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም «ሳጥን»። ሦስተኛም «ሳጥን»። የማልፈልገው ቃል መሆኑ ይሰማኛል፤ ማረም ግን አልችልም። ዕድሜውን በእርማት ወረቀት መካከል ለፈጀ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት ካለ ንገሩኝ።

በዙሪያዬ የነበሩት እንደየእውቀታቸው ተሯሯጡ። አንዱ ምች ነው፣ ዳማከሴ ፈልጉ አለ። ሌላው የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋ። ሦስተኛው ጾሙ ነው የጣለው፣ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት አለ። (እኔ ከቡና ጾሜ አላውቅም፤ የንስሓ አባቴም ያውቃሉ።) ያንን ውሃ አለማጠጣታቸው ደግ ሆነ፤ የመዋጥ አቅሙ የተዳከመን ሰው ትን ሊለውና ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል በኋላ ተነግሮኛል። ከሁሉም ፊቴን ያየችው ቡና አፍይዋ ብቻ ነበረች። ተንበርክካ «ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ እስቲ» አለችኝ። «የቀኝ ከንፈራቸው ወርዷል። እጅዎትን ያንሱ። ሁለቱንም! ይኸው፣ ቀኙ አልተነሣም።» እናቷን በስትሮክ አስታማ የቀበረች ሴት ናት። ከሰሉንና ጀበናውን ለሊስትሮው አደራ ብላ፣ ታክሲ አስቁማ፣ አጠገቤ ገባች። 907 ወይም 939 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ለማናችንም ትዝ አላለንም።

መንገድ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ቃላቴ ተመለሱ። መጀመሪያ የመጣው «ውሃ» ነበር፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ እንደሚመጣው። ጣቶቼን ከፈት ዘጋ አደረግኋቸው፤ ታዘዙኝ። የሱቆችን ታፔላ አነበብኩ። ሴትየዋ ስልኳን አይታ «ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነዎት» አለችኝና በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች። እኔ ደግሞ ሾፌሩን እንመለስ ማለት ጀምሬ ነበር። «አይሆንም» አለች።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የአንድ ግቢ ጥፋት ይመስላል። በእግሬ ገባሁ፤ ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር። ጥበቃው «ታማሚው የቱ ነው?» ሲል «እኔ ነኝ» አልኩት፣ በጠራ አማርኛ። አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባው ተባለ። ስልክ ተደውሎላት የነበረችው ባለቤቴ በዚያው ቅጽበት ደረሰችና ሚስትየዋ ትግባ ተባለ፤ ቡና አፍይዋ ከበር ተመለሰች። ደንቡን አልቃወምም፤ እያንዳንዱ ታማሚ አምስት አምስት ሰው ይዞ ቢገባ ሐኪሞቹ የት ይቆማሉ? ግን አስቡት፤ ባለቤቴ ምንም ያየችው ነገር የለም። ከንፈሬ ሲወርድ ያየችው፣ «ሳጥን» ስል የሰማችው፣ ደቂቃውን የቆጠረችው ሴት ወደ ከሰሏ ተመለሰች።

ሲስተሯ ግፊቴን ለካች፤ 178 በ102። ሙቀቴን፣ ትንፋሼን፣ የልቤን ምት ለካች። ጥያቄዋን በትክክል መለስኩላት፤ ስሜን፣ ቀኑን፣ ያለሁበትን ቦታ። አረንጓዴ ምልክት ሰጠችኝ። በድንገተኛ ክፍል ታማሚ በቀለም ይለያል፤ ቀይ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ላለ፣ አረንጓዴ መቆየት ለሚችል ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ድሮ የሚጮኸውና ዘመድ ያለው ነበር የሚቀድመው። ይሁንና ቀለሙ የሚሰጠው ሰውየው አሁን ባለበት ሁኔታ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረበትን የሚለካ መሣሪያ የለም። ያን የሚለካው አንደበት ብቻ ነው፤ ባለ አንደበቷ ደግሞ ቡና እያፈላች ነበር።

ለአራት ሰዓታት ጠበቅሁ። ከፊት ለፊቴ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ልጅ በቃሬዛ ተኝቶ ያቃስታል። አንዲት እናት ትንፋሽ አጥሯት ኦክስጅን ተደርጎላታል። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ተረኛው ሐኪም የልጅ ልጄን የሚያህል ወጣት ነው፤ ዐይኑ ደም ለብሷል፣ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደ እፎይታ ነው የታየሁት መሰለኝ። በእግሩ የቆመ፣ የሚናገር፣ የማይደማ ሽማግሌ።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ይህ ሁለተኛውና ትልቁ ስህተቴ ነው። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ቤቴ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቆሜ ብጠየቅም ይህንኑ ነው የምለው። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ። ልጁ ግን ሰላምታ አልነበረም ያቀረበልኝ፤ ምርመራ መጀመሩ ነበር። እኔ በጨዋ ደንብ ዘጋሁበት። ቀጥሎ «ምንዎትን ነው የሚያምዎት?» አለ። የሚያመኝ ነገር አልነበረም፤ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አያምምም። «ትንሽ እጄን ደንዝዞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል» አልኩ። ቃላት እንደጠፉብኝ መናገር አፈርኩ፤ የጃጀሁ እንዳይመስለው። እጄን አስነሣ፤ ተነሣ። ጣቶቹን አስጨበጠኝ፤ ጨበጥኩ። «ድካም ነው፤ ጾሙም ይኖርበታል። ግፊትዎን ጤና ጣቢያ እየሄዱ ያስለኩ» ብሎ ቢ ኮምፕሌክስ የሚሉትን ቫይታሚን ጻፈልኝ። ባለቤቴ እመቤታችንን እያመሰገነች ወጣን። በማግስቱ ቅድስት ማርያም ሄዳ ሻማ አበራች።

ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለሽንት ስነሣ ቀኝ እግሬ አልተከተለኝም። አልጋው ሥር ወደቅሁ። ባለቤቴ መብራት አብርታ ስታናግረኝ በዚህኛው ጊዜ «ሳጥን» እንኳ አልመጣልኝም። ይህኛው ደግሞ አላለፈም።

የተወሰድኩት ሌላ ሆስፒታል ነው። እዚያ የተቀበለችን ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን አልነበረም። ወደ ባለቤቴ ዞራ «ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኝቼ ነበር። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ የእኔ ግን ከ3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ አልነበረም። ያ በር እንደዚያ ተዘጋ። ሁለተኛው ጥያቄዋ «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ ታይቶባቸው ያውቃል?» የሚል ነበር። ባለቤቴ ስለ ማክሰኞው የሰማችውን ያህል ነገረቻት። «ያየ ሰው አለ?» አለች። አለ። «ስልኳን ስጡኝ» ብላ እዚያው አልጋዬ አጠገብ ቆማ ለቡና አፍይዋ ደወለች። አንዱን ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። ከንፈር፣ እጅ፣ ሳጥን፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሐኪሟ እየሰማች ጻፈች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን ልንገራችሁ፤ ማክሰኞ ዕለት ሊደረግልኝ የሚገባው ይኸው ነበርና። ጣቴን ወግተው ስኳሬን ለኩ፤ ስኳር ሲወርድም አንደበት ይተሳሰራል፣ ጎን ይሰንፋል፣ ስትሮክ ይመስላል፤ በአንዲት ጠብታ ደም ይለያል። ራሴን ሲቲ ስካን አነሡ፤ ደም ፈስሶ ይሁን የደም ሥር ተዘግቶ ካልታወቀ መድኃኒት አይሰጥም፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይገድላል። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ አደረጉልኝ፤ ልብ ምቷ ከተዛባ ውስጧ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ይላካል። በአገራችን ይህ መንገድ ሰፊ ነው፤ በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመሙ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቩ የተበላሸበት ሰው ብዙ ነውና። ለእነዚያ የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ ሌላ ነው። የእኔ ልብ ደህና ሆነች። የአንገቴን የደም ሥሮች በአልትራሳውንድ አዩ። ከዚያ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለ21 ቀን፣ በኋላ አስፕሪን ብቻ፣ ከግፊትና ከኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር። ለሲቲ ስካኑ የከፈልነው ከአንድ ወር ጡረታዬ ይበልጣል፤ አንዲት የአስፕሪን ፍሬ ግን ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል።

ሐኪሟ ስትወጣ ስትገባ ትንሽ ትንሽ እያደረገች አስረዳችኝ። ማክሰኞ ዕለት ወደ አንጎሌ በሚሄድ የደም ሥር ውስጥ የረጋች ቁራጭ ገብታ ዘግታው ነበር፤ ራሷ ሟሙታ ወይም ተሰባብራ ደሙ መንገዱን አገኘ። እኔ የዳንኩ መሰለኝ። «ቧንቧው ተከፈተ እንጂ የዘጋው ዝገት የትም አልሄደም፣ አባባ» አለችኝ። ስሙ በሐኪሞች አንደበት ጊዜያዊ ስትሮክ ነው፤ ትንሹ ስትሮክ የሚሉትም አሉ።

በቃል ስተዳደር የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ስም ላይ ቅሬታ አለኝ። «ጊዜያዊ» ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ አገር ጊዜያዊ ሠራተኛ ሃያ ዓመት ይሠራል፣ ጊዜያዊ መጠለያ ልጅ ይዳርበታል። በአንድ በኩል ቃሉን ማንም አያምነውም፤ በሌላ በኩል ሐኪም ቤት ውስጥ ሲነገር ሁሉም ከልቡ አምኖት እፎይ ይላል። «ትንሹ» ደግሞ ይብሳል። ትንሽ እሳት ብሎ ማን ተኝቶ ያድራል? የተሻለ ስም ያለው ሰው በዚሁ ገጽ ይጻፍልን።

ልጄ ፋርማሲስት ናት። ተኝቼ ሳለ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 የታተመ ጥናት አግኝታ ተረጎመችልኝ። በሰሜን ካሊፎርኒያ 16 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ቀርበው ጊዜያዊ ስትሮክ የተባሉ 1,707 ሰዎችን ለ90 ቀን ተከታተሏቸው። 180ዎቹን ሙሉ ስትሮክ መታቸው። ከ180ዎቹ 91ዱን የመታቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነበር። «ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። ከማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 እስከ ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ያለውን በደህናው እጄ ጣቶች ቆጠርኩ፤ ቢበዛ አርባ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ካሊፎርኒያ ብሆን ኖሮ ከእነዚያ ከ91ዱ ጋር ነበር የምቆጠረው።

ሌላም አነበበችልኝ። በ2007 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በቀጠሮ ማመላለስ ትተው በዕለቱ ማየትና መድኃኒት ማስጀመር ሲጀምሩ፣ በ90 ቀን ውስጥ ተመልሶ ስትሮክ የሚመታው ከመቶ 10.3 የነበረው ወደ 2.1 ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ የነበረው ቀድሞ ተሰጠ እንጂ። ያ የ21 ቀኑ የሁለት መድኃኒት ጥምረትም ቻይናውያን በ5,170 ሰዎች ላይ ሞክረው በ2013 ውጤቱን ያወጡት ነው፤ ሕመሙ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ነበር የሚያስጀምሩት።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ የነጥብ አሰጣጥም አለ፤ ከሰባት የሚታሰብ ነው። ልጄ በወረቀት አስቀምጣ ለእኔ አሰላችው። ዕድሜዬ ከ60 በላይ ስለሆነ አንድ። ግፊቴ ከ140 በ90 በላይ ስለሆነ አንድ። አንድ ጎኔ ስለሰነፈ ሁለት። ከ10 ደቂቃ በላይ ከአንድ ሰዓት በታች ስለቆየ አንድ። ስኳር ስለሌለብኝ እዚያ ባዶ። ድምሩ አምስት። አሁን በቅጡ ተመልከቱልኝ፤ ሁለቱ ነጥቦች ማክሰኞ ዕለት ከእኔ ጋር ገብተዋል፣ ዕድሜዬ ካርዱ ላይ፣ ግፊቴ ሲስተሯ ወረቀት ላይ ተጽፈዋል። የቀሩት ሦስቱ፣ የሰነፈው ጎንና የደቂቃው ብዛት፣ ከጥበቃው ማዶ ቀርተው ነበር። ነጥብ ብቻውን ይዳኝ አልልም፤ እንግሊዞቹም በነጥብ ብቻ ቅደም ተከተል ማውጣቱን ዛሬ ዛሬ አይመክሩም። ግን ሦስቱ ነጥቦች በአንዲት ሴት እጅ ነበሩ።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ በሽታ ታማሚው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሰውነቱ ላይ አይገኝም። ያየው ሰው አፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢማር፣ ጉልበቴን በመዶሻ ቢያንኳኳ፣ ጣቴን ቢያስጨብጠኝ፣ ያለፈውን አያገኘውም። እንግዲያው ወሬው እንደ ደም ናሙና ይቆጠርና ይወሰድ። ጥበቃው «አስታማሚ አንድ» ሲል «ሲጀምረው ያየው ማን ነው?» ብሎ ይጨምር፤ ያየው ሰው አምስት ደቂቃ ገብቶ ይናገር፣ መግባት ካልቻለም ስልኩ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ቀለም የሚሰጡት ነርሶች አንደበቱ ተሳስሮ ነበር፣ እጁ ወድቆ ነበር፣ አንድ ዐይኑ ጨልሞ ነበር የተባለን ሰው አሁን በመሳቁ ብቻ አረንጓዴ አያድርጉት። ሐኪሙም «እንዴት ነዎት?» አይበለን። «ምን ሆነው ነበር?» ይበለን። እንዴት ነዎት ካለን ደህና ነን፤ እስከ መቃብራችን አፋፍ ደህና ነን።

ምርመራው በዚያው ቀን ይደረግ። የስኳርና የልቡ ምርመራ ደቂቃዎች ነው የሚወስዱት። ሲቲ ስካን የሌለበት ቦታ ከሆነ «ይመላለሱ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ» የሚል ቃል የሰፈረበት የሪፈራል ወረቀት ይስጡ። ለሚሰናበተውም በአማርኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይኑር፤ እኔ ከሆስፒታሉ ይዤ የወጣሁት የቢ ኮምፕሌክስ ማዘዣ ነው፣ እሱም በፈረንጅ ፊደል። በማተሚያ ቤታችን አንድ ገጽ እርማት ክፍል ሳይፈርምበት ማሽን ላይ አይወጣም ነበር፤ ስንት ጊዜ ተረግመናል በዚህ ፊርማ! ቢሆንም ስንት ጉድ አትርፎልናል። ጤና ሚኒስቴርም የከተማው ጤና ቢሮም እንዲህ ያለች አጭር የእርማት ወረቀት ለድንገተኛ ክፍሎች ማውጣት አይሳናቸውም።

ወጣቱን ሐኪም አልወቅስም። በእሱ ቦታ ብሆን ከሞተር ሳይክሉ ልጅና ከእኔ መካከል እኔም ወደ ልጁ እሄድ ነበር፤ መሄድም ነበረበት። መድረስ አልቻለም አላልኩም፣ ደርሷል። የደረሰ ጊዜ የሚጠይቀውን ጥያቄ ግድግዳው ላይ የሰቀለለት አልነበረም። ይህን ደብዳቤ ካነበበና ራሱን ካወቀ፣ ቡና ልጋብዘው እወዳለሁ፤ ቦታውን ነግሬያለሁ።

ለእኛ ለታማሚዎቹም አንድ ሁለት ቃል። ያለፈም ቢሆን ሂዱ፤ ሄዳችሁም «አልፏል» ሳይሆን «ነበር» በሉ። ሰዓቱን ጻፉ። ሬዲዮ የሰማ ጎረቤት አስፕሪን ዋጥ አድርግ ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል፣ ያን ደግሞ በዐይን የሚያውቅ የለም። ጠበሉን አትተዉ፣ እኔም አልተውኩም፤ ሐኪም ቤቱ ይቅደም እንጂ ጠበሉ ይደርሳል። ብቻችሁን የምትኖሩ ደግሞ ነገሩን አስቡበት። በእኛ ሰፈር ድሮ ሰው ሲያነክስ ሦስት ጎረቤት አይቶ ይመሰክር ነበር። ዛሬ ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡት ወዳጆቼ በየአቅጣጫው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተበትነዋል፤ ደረጃው ላይ የሚያገኙትን ሰው ስም አያውቁም። ከንፈራቸው ቢወርድ የሚያይ ማን ነው?

ንግግሬ ተመልሷል፤ ስቸኩል ብቻ ይጠላለፋል። ቀኝ እግሬ ትንሽ ይጎተታል። ጣቶቼ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አልሆነላቸውም፤ የብረት ፊደል ቢሰጡኝ አንዷንም ከጎጆዋ የማነሣ አይመስለኝም። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው ልጄ ናት፤ በሁለት ቦታ ቃል ልትቀይርብኝ ሞክራ አልፈቀድኩም።

ከማተማችሁ በፊት ለእርማት ክፍላችሁ አንድ አደራ አለኝ። አራተኛው አንቀጽ ላይ «ውሃ» ልል ፈልጌ «ሳጥን» አልኩ የሚለው የፊደል ስህተት አይደለምና እንዳያርሙት።

አንድ ጡረተኛ ፊደል ለቃሚ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ